ድልድዩ የሚጀምረው ወንዙ ጋ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወጣት አርክቴክት የሰራውን የእግረኛ ድልድይ ዲዛይን አሳየኝ። ከተማን ከወንዝ ዳር ጋር የሚያገናኝ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ስዕሉ ያምራል። ወንዙ ላይ ወደ ጎን ያዘነበለ ትልቅ ቅስት አለ፣ ከሱ ላይ ቀጫጭን ኬብሎች ወርደው መሄጃውን ይዘውታል፣ ማታ መብራት ሲበራ ውሃው ላይ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ሰርቶታል። እኔ ግን ወረቀቱን እያገላበጥኩ የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር፣ ሰው ከሰፈሩ ወጥቶ እዚህ ድልድይ ላይ የሚደርሰው በየት በኩል ነው? ሁለቱም ጫፍ ላይ ስዕሉ ዛፍ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ስጠይቀው "እሱን በኋላ እንጨርሰዋለን" አለኝ። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዛ ነበር የማስበው፣ ለዛ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ ይሄን የምጽፈው፣ ምክንያቱም ይሄን ሁሉ አመት ከድልድይ ጋር ስውል ያመንኩት አንድ ነገር ቢኖር የእግረኛ ድልድይ ውበቱ የሚወሰነው መሃሉ ላይ ሳይሆን ጫፎቹ ላይ፣ ከዛ ደግሞ እግር የሚረግጠውና እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ መሆኑን ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ግን ከተማና ወንዝ ለምን እንደተለያዩ እናስብ። ብዙ ከተማ የተቆረቆረው ወንዝ ስላለ ነው፣ ግን ወንዝ ዳር የሽርሽር ቦታ አልነበረም፣ የስራ ቦታ ነበር፣ ወደብ፣ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ቆሻሻ መድፊያ። ከዛ የባቡር ሃዲድ መጣ፣ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ዳር ዳሩን ይዞ ሄደ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መኪና መጣና ያንኑ ሜዳ ፈጣን መንገድ አደረጉት። አሁን ሰው ወንዙን በመስኮቱ እያየ መድረስ አይችልም፣ መሃል ላይ ስድስት መስመር መኪና ይነዳል። አንዳንድ ከተማ መንገዱን ራሱን አንስቶታል፣ አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ በ1974 ወንዙ ዳር የነበረውን ሃርበር ድራይቭ የሚባል ፈጣን መንገድ ዘግታ ቦታውን ፓርክ አደረገችው፣ ፓሪስም የሴን ወንዝን ዳርቻ ከመኪና ወስዳ ለእግረኛ ሰጥታለች። ይሄ የማይቻልበት ቦታ ግን ብዙ ነው፣ ስለዚህ የእግረኛ ድልድይ የምንለው ነገር ውሃ ብቻ አይደለም የሚሻገረው፣ መንገድ አለ፣ ሃዲድ አለ፣ አጥር አለ፣ የጎርፍ መከላከያ ግንብ አለ፣ እና ከነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ውሃው ነው።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ፕሮቪደንስ ያለው ነው፣ አሜሪካ ሮድ አይላንድ። እዛ ወንዙን ያቋርጥ የነበረ ሃይዌይ ቦታው ተቀየረ፣ የድሮው የመኪና ድልድይ ፈረሰ፣ ውሃው ውስጥ የቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች ግን ቀሩ፣ እነሱኑ ተጠቅመው በላያቸው ላይ የእግረኛ ድልድይ ሰሩና በ2019 ተከፈተ። በእንጨት የተሸፈነ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ወደ ውሃው ወረድ የሚል መቀመጫ አለው፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ያሉት ፓርኮች ከድልድዩ ጋር አንድ ሆነው ነው የተሳሉት። መኪና የለያየውን ነገር በመኪናው ምሰሶ ላይ ቆሞ ማገናኘት፣ ምን ልበላችሁ፣ ሳስበው ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ እኔ ራሴ የነበርኩበት ቡድን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ድልድዩ የሚያርፍበት ቦታ ካርታው ላይ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፣ ከዋናው አደባባይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር፣ ከላይ ሲታይ የሚያምር። እኔና አንድ የስራ ባልደረባዬ ግን ለሶስት ቀን ያህል ዳሩ ላይ ቁጭ ብለን ሰው እንቆጥር ነበር፣ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ። መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ማንም የለም። ከሱ ወደ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ ግን ሳሩ መሃል ቀጭን መንገድ አለ፣ ማንም ያልሰራው፣ ሰው እየተመላለሰ በእግሩ ያወጣው፣ ስፋቱ የአንድ ሰው ትከሻ ያህል፣ አፈሩ ተረግጦ ተረግጦ ያብለጨልጫል። ቁልቁል የሚወርድበት ጋ የዛፍ ስር ከመሬት ብቅ ብሏል፣ ሰዉ ሁሉ ሲወርድ እሱን ስለሚይዝ እንደ በር እጀታ ለስልሷል። እጄን አስቀመጥኩበት። እዛ ጋ ነው ድልድዩ የገባኝ፣ በቃ ሰዉ ቦታውን መርጦ ጨርሷል። ስብሰባ ላይ ብዙ ተከራከርን፣ ስፓኑ፣ ማለትም በሁለት ድጋፍ መሃል ያለው ርቀት፣ ይረዝማል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ ከአደባባዩ አይታይም ተባለ፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ግን በመጨረሻ ወደዛ ዞረ። አሁንም ማንም ሰው የድልድይ ስራ ሲጀምር መጀመሪያ የምለው ሳሩ የት ጋ እንደሞተ ሄደህ እይ ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቆንጆ ዲዛይን የሚሰበረው። ድልድዩ ከመንገድ በላይ ወይም ከጎርፍ ከፍታ በላይ 6 ሜትር መውጣት አለበት እንበል። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ሳይጨነቅ የሚወጣው ተዳፋት ከ1 ለ20 ያልበለጠ ነው፣ ማለትም 6 ሜትር ለመውጣት 120 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል፣ በአንድ ጫፍ ብቻ! 1 ለ12 በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ እሱም ቢሆን 72 ሜትር ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ማረፊያ ሜዳ ሲጨመርበት ደግሞ ይረዝማል፣ የሚገፋውም ሰው ክንዱ ይዝላል። ይሄን ሒሳብ መጀመሪያ ያልሰራ ሰው መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋል፣ መወጣጫውን እንደ እባብ አጣጥፎ ጎን ላይ ይለጥፈዋል፣ ወይ አሳንሰር ያደርግና አሳንሰሩ በተበላሸ ቀን ድልድዩ ለግማሹ ሰው ተዘጋ ማለት ነው። ቬኒስ ውስጥ በ2008 የተከፈተው የስፔናዊው አርክቴክት የካላትራቫ ድልድይ የዚህ ትምህርት ነው፣ ደረጃ ነው ያለው፣ በኋላ ለዊልቸር ተብሎ ከጎኑ የምትሄድ ትንሽ ካቢን ተሰራችለት፣ እሷም ሳትበጅ ቀርታ መጨረሻ ላይ ተነሳች። መወጣጫውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ራሱ ድልድዩ አድርጎ ማሰብ ነው ያለው፣ ሰው መውጣቱ እንኳን ሳይታወቀው እየሄደ እያየ ከፍ እንዲል።

በዚህ ነገር ፓሪስ ያሉ ሁለት ድልድዮች በጣም ያስቀኑኛል። አንዱ ድሮ ሶልፌሪኖ ይባል የነበረው፣ አሁን በሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ስም የሚጠራው ነው፣ ማርክ ሚምራም የነደፈው። ዳሩ ላይ ሁለት ደረጃ ከፍታ አለ አይደል፣ ላይ ያለው የከተማው መንገድና ታች ውሃው አጠገብ ያለው፣ ድልድዩ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ከታች የመጣ ሰው ቅስቱን ተከትሎ ይወጣል፣ ከላይ የመጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛው በ2006 የተከፈተው የሲሞን ደ ቦቯር ድልድይ ነው፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ በርሲ ፓርክ የሚሻገር፣ ወደ 300 ሜትር ይረዝማል፣ ወንዙ ውስጥ አንድም ምሰሶ የለውም። አንዱ መስመር ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይረግባል፣ ሁለቱ ተጠላልፈው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ እና ሁለቱም መሄጃ ናቸው። ልብ በሉ፣ ድልድዩን ያቆመው ብረት ራሱ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው፣ ለጌጥ ተብሎ የተጨመረ ነገር የለም። ለኔ ውብ ማለት ይሄ ነው። ያዘነበለ ቅስት አልጠላም፣ ግን ለምን አዘነበለ ተብሎ ሲጠየቅ ብረቱ ራሱ መልስ መስጠት አለበት።

የሚረገጠው ነገርስ? መስታወት አትጠቀሙ። ስፔን ቢልባኦ ያለው ዙቢዙሪ የሚባል የእግረኛ ድልድይ በ1997 ሲከፈት መሬቱ መስታወት ነበር፣ ሲዘንብ ሰው እየተንሸራተተ ይወድቅ ጀመር፣ በመጨረሻ ላዩ ላይ ምንጣፍ አነጠፉበት። የቬኒሱም ደረጃ መስታወት ስለነበረው ያው ነው የሆነው፣ ከተማው በድንጋይ ለመተካት ወስኗል። እንጨት ለእግር ደስ ይላል፣ ድምጹም ደስ ይላል፣ ግን ጥላ ቦታ ላይ ሲረጥብ ሻጋታ ያወጣና ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ሸካራ መስመር ይውጣለት። ጣውላው ወደ ሰው አካሄድ ርዝመቱን ከሆነ የተነጠፈው የብስክሌት ጎማና የጫማ ተረከዝ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፣ አግድም መሆን አለበት።

እሺ፣ አሁን ወደምወደው ነገር፣ ስለ መወዛወዝ። ሰው ሲራመድ በሰከንድ ወደ 2 ጊዜ ይረግጣል፣ ይሄ ወደ ታች ያለው ግፊት ነው፣ 2 ኸርዝ በሉት። ግን ግራና ቀኝ እግራችን ሲፈራረቅ ወደ ጎንም ትንሽ እንገፋለን፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እሱ የሚደገመው በየሁለት እርምጃው ስለሆነ ወደ 1 ኸርዝ ይመጣል። ድልድይ ደግሞ እንደ ዥዋዥዌ የራሱ ምት አለው፣ በተለይ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ምቱ ይዘገያል፣ ዥዋዥዌን በምቱ ስትገፉት በትንሽ ጉልበት እንዴት እንደሚከንፍ ታውቃላችሁ። ይሄ አዲስ እውቀት አይደለም፣ በ1831 እንግሊዝ ብሮተን ላይ ወታደሮች በእኩል እርምጃ ሲያልፉ ድልድዩ ተናደ፣ በ1850 ፈረንሳይ አንዤ ላይ በኃይለኛ ነፋስ መሃል ይሻገሩ የነበሩ ከ200 በላይ ወታደሮች አለቁ። ለንደን አልበርት ድልድይ ላይ አሁንም ድረስ ወታደር እኩል አይርገጥ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

ያኔ የታወቀው ወደ ታች ያለው ነው፣ ወደ ጎን ያለውን ግን ዓለም በደንብ የተማረው ለንደን ሚሌኒየም ድልድይ ላይ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን ቴት ሞደርን ከሚባለው የጥበብ ሙዚየም የሚያገናኝ፣ ቴምዝን የሚሻገር፣ እይታውን ምንም እንዳይከልለው ተብሎ ኬብሎቹ ወደ ጎን ተኝተው የተሰሩ፣ 144 ሜትር የሚሆነው መካከለኛ ስፓን ላይ ኬብሉ የሚረግበው 2.3 ሜትር ብቻ ነው፣ በጣም ቀጭን፣ በጣም ቆንጆ። ጁን 10 ቀን 2000 ተከፈተ፣ ሕዝቡ ጎረፈ፣ ድልድዩም ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተዘጋ። የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ ማንም እኩል እየረገጠ አልነበረም፣ የማይተዋወቅ ሰው ነው፣ ግን መሬቱ ትንሽ ወደ ጎን ሲሄድብህ ሰውነትህ እንዳይወድቅ ብሎ እግሩን ከፈት ያደርግና ከመሬቱ ጋር ይረግጣል፣ አጠገብህ ያለውም እንደዛ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሁላችሁም ሳታውቁት ድልድዩን በራሱ ምት መግፋት ትጀምራላችሁ፣ እሱ በጨመረ ቁጥር እናንተም ትጨምራላችሁ። ደግሞ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ የሰዉ ቁጥር የሆነ መጠን እስኪያልፍ ምንም የለም፣ ካለፈ በኋላ በድንገት ነው። መፍትሄው ከስሩ ዳምፐር መግጠም ሆነ፣ የመኪና ሾክ እንደሚሰራው ንዝረቱን የሚውጥ ማለት ነው፣ 37 የፈሳሽ ዳምፐርና ብዙ በክብደት የሚሰሩ ገብተውበት ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶ በ2002 ፌብሩዋሪ እንደገና ተከፈተ። የለንደኑ ከመከፈቱ ወራት ቀደም ብሎ የፓሪሱ ሶልፌሪኖም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ተዘግቶ ነበር።

አንዳንዱ ሰው ይሄን ሲሰማ ከዚህ በኋላ ቀጭን ድልድይ አይሰራ ይላል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። ቀጭን ይሁን፣ ግን ምቱን እናውቅ። የአውሮፓው ስታንዳርድ ድልድዩ ወደ ታች ከ5 ኸርዝ፣ ወደ ጎን ከ2.5 ኸርዝ በታች ምት ካለው ንዝረቱን አስላ ይላል፣ እኔ የምጨምረው ዳምፐር ባያስፈልግ እንኳን የሚገጠምበት ቦታ ከመጀመሪያው ይተው ነው፣ በኋላ ቦታ ፍለጋ ብረት መብሳት ያሳዝናል። ከዛ ደግሞ ሳይከፈት በፊት ሰው ይዞ መሞከር። እኛ አንዴ ስልሳ የሚሆን ሰው ሰብስበን፣ ንዝረት የሚለካ አክሰለሮሜትር ገጥመን፣ ምት በሚቆጥር የሜትሮኖም ድምጽ እኩል አስረገጥናቸው፣ እኔ ዳር ቆሜ መዳፌን መደገፊያው ላይ አሳርፌ ነበር። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሳያወጣ በፊት እጄ ላይ መጣ፣ እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ስስ ነገር፣ ከዛ ቁሙ ሲባሉ አንድ ሁለት ሶስት ብዬ ስቆጥር ጠፋ። በስንት ሰከንድ እንደሚጠፋ ማወቅ ነው ትልቁ ነገር።

መደገፊያ ካልን አይቀር። ሰው ድልድዩን በእጁ የሚያውቀው በሱ ነው፣ ቅስቱን ማንም አይነካውም። አንድ ስራ ላይ መደገፊያው ከመሰራቱ በፊት ሶስት ሜትር የሚሆን ቁራጭ በእንጨት ሰርተን ቢሮ ኮሪደር ላይ አቆምነው፣ ሰዉ ሲያልፍ ዝም ብለን እናይ ነበር። መጀመሪያ ያሰብነው ክብ ቧንቧ ነበር፣ ለእጅ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ወንዝ ዳር ሲቆም በእጁ አይደለም የሚደገፈው፣ በክርኑ ነው፣ ክርን ደግሞ ቧንቧ ላይ ያማል። ስለዚህ ላዩ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ጠፍጣፋ እንጨት ሆነ፣ ውሃ እንዳይዝ ትንሽ ዘንበል ያለ። ከስሩ ዝቅ ብሎ ለህጻንና በዊልቸር ለሚሄድ ሁለተኛ መያዣ ተጨመረ። የዘንጎቹ ክፍተት የህጻን ጭንቅላት እንዳያልፍ ከ10 ሳንቲሜትር በታች ይሆናል፣ ግን ህጻኑ ውሃውን በዛ መሃል ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ዘንጉ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ቀጭኑ ጎኑ ወደ ሰው መዞር አለበት፣ ያኔ ከፊት ለፊት ሲታይ ይጠፋል። መረብ ካደረጋችሁ ደግሞ ፍቅረኞች ለመታሰቢያ ጓጉንቸር ቁልፍ እንደሚቆልፉበት እወቁ፣ ፓሪስ ፖን ደዛር የሚባለው ድልድይ ላይ ይሄ ቁልፍ በዝቶ በ2014 የመደገፊያው ክፍል ወደቀ፣ ቁልፎቹ በ2015 ሲነሱ 45 ቶን ገደማ ሆኑ።

ስለ ቅጥነትም አንድ የምወደው የሙያ ነገር አለ። ድልድይ ከሩቅ ሲታይ ዓይን የሚያነበው ጠርዙን ነው። ጠርዙ 20 ሳንቲሜትር ሆኖ ዋናው ብረት ወደ ውስጥ ገባ ካለ ብረቱ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ድልድዩ እውነተኛ ውፍረቱ አንድ ሜትር ሆኖ እንኳን እንደ ወረቀት ይታያል። መብራትም እንደዛው፣ ረጅም የመብራት ምሰሶ ከተከላችሁ ወንዙ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ መብራቱ መደገፊያው ስር ተደብቆ እግር ብቻ ላይ ሲያርፍ ግን ሰው ማታም ውሃውን ያያል፣ ዓሳና የሌሊት ወፍም ብዙ አይረበሹም።

ከታች ያለው ነገር ግን አይታለፍ። ብዙ ድልድይ የሚወድቀው ከላይ ባለው ጭነት ሳይሆን ምሰሶው ስር ያለው አፈር በጎርፍ ተቦርቡሮ ነው፣ ግንድም ይዞ ይመጣና ምሰሶው ላይ ይቆልለዋል፣ ስለዚህ ምሰሶ ባነሰ ቁጥር ወንዙም ድልድዩም ያርፋሉ። ብረቱም ይለጠጣል፣ 100 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 36 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ይሄ የሚሆነው የት ነው? ጫፉ ላይ። እንደገና ጫፉ! እዛ ያለው መጋጠሚያ ውሃ ካሳለፈ አባትመንቱ፣ ማለትም ዳሩ ላይ ድልድዩን የሚሸከመው ግንብ፣ እና ማረፊያዎቹ ይበላሻሉ፣ ካበጠ ዊልቸር ይደናቀፍበታል፣ የሚጠግነው ሰው ገብቶ የሚቆምበት ቦታ ከሌለው ደግሞ አይጠገንም። ዲዛይን ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ክፍተት እዛ ጋ ማስቀመጥ ለድልድዩ አርባ አመት እንደመጨመር ነው የማየው።

ለወጣቱ አርክቴክት ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልነገርኩትም። ቅስቱን ተወው፣ ጥሩ ነው አልኩት፣ ብቻ ዛፎቹን አጥፋና ጫፎቹን በ1 ለ50 ስኬል ሳልልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቦታው ድረስ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል፣ ረጅም ሜትር ይዘን፣ መጀመሪያ የምንለካው ከመጨረሻው ቤት በር እስከ ውሃው ዳር ስንት እርምጃ እንደሆነና መሃሉ ላይ ስንት ቦታ ሰው ቆሞ መኪና እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ነው።